አይቶ የማያነሳ ሌንስ

ቅዳሜ 2

አሸነፉ! ያ አገር ምድሩ «ዘንድሮ ይፈርሳል» ብሎ ከነነፍሱ የቀበረው የክር ፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ሲሚንቶዎቹን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውን ልጆች፣ ሦስት ለሁለት ረታቸው። በመጨረሻው ዙር አዳራሹ ጣሪያው የሚነሳ እስኪመስል ተናወጠ። ድምፄ ተዘግቷል። እማዬ በር ስትከፍትልኝ «ምነው፣ አንቺም ተጫወትሽ እንዴ?» አለችኝ።

እህቴ! ያቺ የኔ ታናሽ! «ፌንጣ» ነው የሚሏት፤ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የቀረ አይመስለኝም። አቀባይ ናት፤ ኳሱን ለመቺዎቹ አመቻችታ ወደ ላይ የምትሰጠው እሷ ናት። በመጨረሻው ነጥብ ኳሱ መረቡን አልፎ ሊሄድ ሲል ተፈናጥራ በጣቶቿ ጫፍ መለሰችው። እኔ ሜዳው ጥግ ተንበርክኬ ረጅሙን ሌንስ ደግኜባታለሁ። ፊቷ ጥርት ብሎ ታየኝ። ካሜራዋም «ጢጥ» ብላ ይዤዋለሁ አለችኝ። ተጫንኩ።

ምንም።

«ቅ» አለችና ቀረች። «ሊክ» የለም። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ በነጭ ጽሑፍ ሌንሱና ካሜራው አልተግባቡም፣ መገናኛውን አጽጂ አለችኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ደገምኩ። ያነጣጥራል፣ አያነሳም። አጠገቤ የቆመችው ደጋፊ «አነሳሻት?» ብትለኝ «እንዴታ!» አልኩ። ውሸቴን።

ፌንጣ ስትወጣ ትንሽ ታነክስ ነበር። «አዲሱ ጫማ ነው» አለች።

እሁድ 3

ቀኑን ሙሉ ጽዳት። የሌንሱ ቂጥ ላይ ያሉትን ትንንሽ የነሐስ ነጥቦች በላጲስ፣ በጥጥ፣ በትንፋሼ። ባትሪ ቀየርኩ። ካርድ ቀየርኩ። ሌንሱ «ዝዝዝ» ብሎ ይዞራል፣ እማዬን ያያል፣ ድመቷን ያያል፣ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ያሳየኛል። ስጫን ይደነቁራል።

አሰልጣኟ ደወለች። የስፖርት ጋዜጣው አዘጋጅ ጥሩ ፎቶ ካገኘ ለቡድኑ ሙሉ ገጽ እሰጣለሁ ብሏታል። ሙሉ ገጽ! ፋብሪካው ውስጥ ያሉት አለቆች ጋዜጣ ካላነበቡ ቡድን እንዳላቸው አያውቁም። «አደራሽን» አለችኝ። «ይሄን ቡድን የሚያተርፈው ኳስ ብቻ አይደለም።»

ፌንጣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ጫማውን ልለውጥልሽ ብላት «ተይው፣ ይላመዳል» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሰኞ 4

በምሳ ሰዓት ሮጬ ወደ ጠጋኙ። በሩ ላይ «የካሜራ ሐኪም» ብሎ ጽፏል። ሁለቴ ተጫነ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«አልቆላታል።»

«ምኑ ነው ያለቀላት?»

«የካሜራዋ መዝጊያ፣ ስትጫኚ ተከፍቶ የሚዘጋው። ሌንሱማ ፎከስ እያደረገ አይደል? ሌንሱ ጤነኛ ነው። በሽተኛዋ ካሜራዋ ናት።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ሌንሱ እያየ አይደል እንዴ? መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ቅዳሜ ጨዋታ አለ።

ማክሰኞ 5

ሐኪሙ ዋሸ! (ዋሸ ይበዛበታል። ተሳሳተ።)

የምሠራው አጎቴ ፎቶ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ ነው ሥራችን፤ ነጭ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ መስተዋቱ ላይ በገመድ የታሰረች ማበጠሪያ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰውዬ ለመታወቂያ ሊነሳ መጥቶ አንገቱን ሲያስተካክል፣ አጎቴ የሚሠሩበት ካሜራ ባትሪ አለቀ። «ያንቺን አምጪ» አሉኝ። «ሞታለች እኮ፣ አጎቴ» አልኳቸው። «እስቲ የኔን አጭሯን ሌንስ አድርጊባት፤ ሬሳም ቢሆን አንዴ ይገላበጣል።»

አደረግኩ። ተጫንኩ። ቅሊክ!

ሰውዬው ብድግ አለ፦ «ኧረ ገና አልተዘጋጀሁም!» እኔ ግን እየጨፈርኩ ነበር። ደግሜ ተጫንኩ። ቅሊክ፣ ቅሊክ፣ ቅሊክ። ምስኪኑን ሰውዬ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን ቀስሮ አነሳሁት። አጎቴ ሳቃቸውን በመሐረብ እየዋጡ «ይቅርታ ያድርጉላት፣ ከሞት የተነሳ አይታ ነው» አሉት።

ካሜራዋ ደህና ናት! ስለዚህ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። ግን እንዴት ነው የሚያይ ነገር የማያነሳው?

ረቡዕ 6

ማረጋገጥ አለብኝ። መንገድ ማዶ የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ አለ፤ «ሠርገኛው» ነው የምንለው። እንደኔ ዓይነት ካሜራ አለው። ለምኜ፣ አባብዬ፣ ሌንሴን ገጠምኩበት። አነጣጠረ። ተጫነ። «ቅ።» ያው ጽሑፍ።

ሠርገኛው ፊቱ አመድ መሰለ። «በሽታውን አስተላለፍሽብኝ!»

የራሱን ሌንስ ሲመልስ ካሜራው ሠራ። እሱ እፎይ አለ፤ እኔ ደግሞ የዓለም ዋንጫ የበላሁ ያህል ተደሰትኩ። በሽተኛው ሌንሱ ነው፤ አሁን ጥርጥር የለውም። ሠርገኛው፣ ሰው ሌንሱ መሞቱ ተረጋግጦለት እንዲህ ሲደሰት ታይቶ አይታወቅም አለኝ።

ፌንጣ ልምምድ አልሄደችም። ራሷን አሟት ነው። ትላንት ደግሞ ሆዷን ነበር።

ሐሙስ 7

አገኘሁት!! ልቤ አላርፍ ስላለኝ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዕቃ እያጠብኩ ነበር። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ሌንሱ ሲያነጣጥር የማይሠራው፣ ስጫን ብቻ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? አጎቴ ጀማሪ ሳለሁ አሳይተውኛል። ሌንስ ውስጥ እንደ ዓይናችን የሚሰፋና የሚጠብ ነገር አለ፤ ቀጫጭን ጥቁር ምላሶች ተደራርበው የሠሩት ቀዳዳ። እሳቸው «ብሌን» ነው የሚሉት። ሌንሱ በሚያነጣጥርበት ጊዜ ብሌኑ ቧ ብሎ እንደተከፈተ ነው። ቁልፉ ሲጫን ነው፣ በዚያች ቅጽበት ብቻ፣ እኔ ያዘዝኩትን ያህል የሚጠበው።

ብሌኑ መጥበብ አቅቶት ቢሆንስ? ካሜራዋ «ጥበብ» ስትለው፣ የሚሰማት አጥታ ይሆን የምትደነግጠው?

እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ። ብሌኑን እስከ መጨረሻው ክፍት ላይ አደረግኩት። አትጥበብ፣ እንዳለህ ሁን። ድመቷ ላይ አነጣጠርኩ።

ቅሊክ።

አንድ ደረጃ አጠበብኩት፤ «ቅ።» ስህተት። መለስኩት፤ ቅሊክ! አጠበብኩ፤ ስህተት። ከፈትኩ፤ ቅሊክ!

ጩኸቴን ሰምታ እማዬ ውሃ ይዛ መጣች። «እሳት ነው?»

«ሌንሱ ነው፣ እማዬ! ዓይኑን አፍጥጦ ብቻ ነው የሚያነሳው!»

«አፍጥጦም ሆነ ጨፍኖ፣ ወለሉን በአረፋ ሞልተሽዋል» አለችና ውሃውን እዚያው ደፋችው።

አጎቴ ደስ ብሏቸው በስልክ ጮኹ። ወደ ብሌኑ የምትሄደው እንደ ሪባን የቀጠነች ሽቦ ተቀድዳ ይሆናል አሉ፤ ሌንሱ በተዘረጋና በተሰበሰበ ቁጥር ትታጠፋለች። መለዋወጫው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ቶሎም አይደርስም። ምን ገዶኝ! እስከዚያ ዓይኑን አፍጥጦ ያንሳ።

ቅዳሜ 9

አሸነፉ። በድጋሚ! ደግሞ ፎቶዎቹ! ፎቶዎቹ!!

ጨለማ አዳራሽ ነው፤ ብሌኑ ሲከፈት ብርሃኑን ጠጥቶ አይጠግብም። ድሮም እንዲህ ማንሳት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው የማላደርገው። ምክንያቱም ብሌኑ ክፍት ሲሆን ጥርት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጭጋግ። መረቡ፣ ዳኛው፣ ተመልካቹ ይሟሟሉ፤ አንዲት ልጅ ብቻ ከጭጋጉ መሐል ብቅ ትላለች። ስለዚህ መምረጥ አለብኝ። እኔ ደግሞ ማንን እመርጣለሁ?

ፌንጣ ስትዘል። ፌንጣ ስትወርድ። ፌንጣ ጥርሷን ነክሳ። ላብ በአገጯ ላይ እንደ ዶቃ። እንዲህ ዓይነት ፊት አይቼ አላውቅም፤ እሳት ነው። አሰልጣኟ ካሜራው ስክሪን ላይ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይቺ ልጅ ወኔዋ!»

ማክሰኞ 12

ፎቶ ቤት ሰው በዛ። አጭር ልጻፍ።

ግድግዳችን ስስ ነው። ማምሻውን ፌንጣ ማዶ ክፍል ውስጥ ለቡድን ጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፦ «ለእትዬ እንዳትነግሪያት! … ኧረ አታይም፣ እሷ የምታየው ካሜራዋን ነው። … እስከ ፍጻሜው ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ልደቴ እየደረሰ ነው እኮ! ምን እያዘጋጁልኝ ይሆን? ያልሰማሁ መስዬ በር ሳንኳኳ ፊቷ ልውጥ አለ። አንጀቴን በላችው። ደግ ልጅ ናት፣ አፏ ነው እንጂ።

ዓርብ 15

ወሬ! ትልቅ ወሬ! አሰልጣኟ ፎቶ ቤት ድረስ መጣች። ቡድኑ ለፍጻሜ ካለፈ የብሔራዊ ቡድን መራጮች ይመጣሉ። መቀመጫ ስሰጣት እንኳ አልተቀመጠችም፤ በጉርድ ፎቶ ተነሺው ፊት ወዲያ ወዲህ እያለች «እህትሽን ነው የሚያዩት፣ እሷን ነው» ትላለች። ተነሺው ዞር ብሎ ሲያያት አጎቴ አገጩን ይዘው ወደ ፊት መለሱት።

ቤት ስደርስ ለፌንጣ ነገርኳት። ትጮሃለች፣ ትዘላለች ብዬ ነበር። አልዘለለችም። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ደስታ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።

እሁድ 17

ለፍጻሜ አለፉ!!! መጻፍ አልችልም። ነገ።

ሰኞ 18

እሺ። ግማሽ ፍጻሜው። ሁለት ዙር ተመርተው፣ ተነስተው፣ ገልብጠው አሸነፉ። በአራተኛው ዙር ፌንጣ ኳስ ፍለጋ ስትወረወር ወለሉ ላይ ወድቃ ቀረች። ከዚያ በእጇ ተደግፋ ተነሳች፣ አሰልጣኟ ልትቀይራት ብትል ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች። ሌንሱ ፊቷ ላይ ነበር። ዓይኖቿ ተጠባብበው፣ ጥርሷ ገጥሞ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ። ቅሊክ። ስጫን እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሕይወቴ ምርጥ ፎቶ ነው።

ጋዜጣው ወሰደው።

ረቡዕ 20

ሙሉ ገጽ! ከላይ እስከ ታች የፌንጣ ፊት፤ ከሥሩ በትልቁ «ጥርሷን የነከሰችው ፌንጣ!» ይላል። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ የኔ ስም። አጎቴ ገጹን ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፉት፤ መታወቂያ የሚነሳ ሁሉ «እንደሷ አድርገው ያንሱኝ» እያለ አስቸገራቸው። «ልጄ፣ እሷን የሚመስል ሰው ሲመጣ» ይላሉ።

ፌንጣ ገጹን ብዙ አየችው። «አስቀያሚ ነኝ» አለች። «ጀግና ነሽ» አልኳት። ከዚያ እማዬን ጠርታ የአልጋ ልብሷን ከላይ መደርደሪያ እንድታወርድላት ጠየቀቻት። እማዬ የሷን እኩሌታ ናት በቁመት!

ሐሙስ 21

ፎቶ ለማስረከብ ፋብሪካው ሄጄ ነበር። ኮሪደር ላይ ሁለት አለቆች ጋዜጣውን ይዘው ቆመዋል። አንደኛው «ይሄን ያህል ሰው ካወቃቸው እንዴት ብለን ነው የምናፈርሳቸው?» ሲል ጆሮዬ ሰማ። ሌላኛው «እስቲ ፍጻሜውን እንይ» አለ።

ከደረጃው ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። የተበላሸ ሌንስ ቡድን አዳነ! ሠርገኛውን መንገድ ላይ አግኝቼ ሳቅፈው ደነገጠ።

ሰኞ 25

መለዋወጫው ገና አልመጣም። የቀጣዩ ወር መጀመሪያ አሉ። ግድ የለም።

አጎቴ ከፍጻሜው በፊት ፋብሪካው በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ የፎቶ ሰሌዳ እናዘጋጅ አሉ። የወቅቱን ምርጥ ፎቶዎች ምረጪ አሉኝ። ደስ ይላል! ረቡዕ እቀመጥበታለሁ።

ረቡዕ 27

ፎቶዎቹን አትሜ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። በጊዜ ተራ ነው የደረደርኩት፣ ከሲሚንቶዎቹ ጨዋታ እስከ ግማሽ ፍጻሜው። ብሌኑ ተከፍቶ በተነሱት ላይ ሌሎች ልጆች ጭጋግ ናቸው፤ እሷ ብቻ ጥርት ብላለች። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እሷ።

የዘለለችባቸውን አልፌ ያረፈችባቸው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

በቀኝ እግሯ ነው የምታርፈው። ሁልጊዜ በቀኝ። ግራው መሬት ሳይነካ ጉልበቱ ታጥፎ አየር ላይ ይቀራል። በሲሚንቶዎቹ ጨዋታ ትንሽ ነው። ቀጥሎ ይብሳል። በግማሽ ፍጻሜው ግራ እግሯን ጭራሽ እንደ ዕቃ ነው የምትጎትተው። ፊቷን አየሁት፤ ያን እሳት ያልኩትን ፊት። ጥርሷን የምትነክሰው እያረፈች ነው። ስትዘል አይደለም። ስታርፍ ነው።

ወኔ አልነበረም። ሕመም ነው። አገር በሙሉ በጋዜጣ ያጨበጨበው ለሕመሟ ነው። ያነሳሁትም እኔ ነኝ፣ መርጬ፣ አጥርቼ።

ጫማ። ራስ ምታት። ሆድ። የሞቀ ውሃ። የአልጋ ልብስ። «እሷ የምታየው ካሜራዋን ነው።» ልደት ብዬ! ምን ዓይነት ጅል ነኝ? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

አጎቴ «ምነው ልጄ?» አሉ። «ምንም» አልኳቸው። ፎቶዎቹን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሐሙስ 28

ልምምድ ከመሄዷ በፊት ያዝኳት። በር ዘጋሁ። «ሱሪሽን እጠፊ።»

«ምን?»

«ጉልበትሽን አሳዪኝ።»

ትንሽ ተከራከረችኝ። ከዚያ አጠፈችው። ጉልበቷ የሰው ጉልበት አይመስልም፤ አብጦ ቅርጹ ጠፍቷል። ልነካው ስል እጄን ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሲሚንቶዎቹ ጨዋታ በፊት።»

«ማን ያውቃል?»

«አንዷ ጓደኛዬ ብቻ። እማዬ ወለምታ ነው ብዬአት ታሽልኛለች። እትዬ፣ ስሚኝ። ቅዳሜ መራጮቹ ይመጣሉ። አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። አንድ ብቻ! ከቅዳሜ በኋላ የፈለግሽው ሐኪም ጋ ውሰጂኝ፣ ከፈለግሽ ይቁረጡት። ይሄን ዕድል ሌላ ጊዜ አላገኘውም። በናትሽ።»

ስታለቅስ ካየኋት ስንት ዘመኔ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነው ያለቀሰችው። «እሺ» አልኳት።

እሺ አልኩ።

ዓርብ 29

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ፎቶዎቹን ይዤ ወደ አሰልጣኟ ሄድኩ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ኳስ እየነፋች አገኘኋት።

ፎቶዎቹን ወለሉ ላይ በተራ ደረደርኩላት። ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ተንበረከከች። ኳሱ በእጇ ትንፋሹን ለቀቀ።

«እኔስ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ በየቀኑ እያየኋት?»

«አሰልጣኝ፣ ዛሬ ሐኪም ይያት። ነገ ሳትጫወት በፊት።»

«መራጮቹ የሚመጡት ለሷ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር እንደማትልሽስ?»

«እሱንም።»

ከሰዓት የስፖርት ሐኪሟ አየቻት። ጅማቱ በከፊል ተበጥሷል፤ አንድ ክፉ ማረፍ ቢጨመርበት ሙሉ በሙሉ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መዝለል ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ያስቸግራት ነበር አለች። ዕረፍት፣ ሕክምና፣ ምናልባት ቀዶ ጥገና። ነገ አትጫወትም።

ፌንጣ ሐኪሟን ሰማች፣ አሰልጣኟን ሰማች። ከዚያ ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ ድምጿን እንኳ ሳትጨምር፣ «እሺ ብለሽኝ ነበር» አለች። በታክሲው ውስጥ በመስኮቱ ስታይ ነው የደረስነው። እማዬ ሁለታችንንም አይታ ሳትጠይቅ ምግብ አቀረበች። ማንም አልበላም።

ነገ ፎቶ ማንሳት አለብኝ። በምን ዓይኔ?

ቅዳሜ 30

አዳራሹ ጢም ብሏል። መራጮቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። በፌንጣ ቦታ የገባችው «ዝምታ» የምንላት ረጅም ልጅ ናት፤ ወቅቱን ሙሉ ተጠባባቂ ሆና ከወንበር ያልተነሳች፣ ድምጿን የሰማ ሰው የሌለ። ፌንጣ ጉልበቷን ታስራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወደኔ አላየችም።

የመጀመሪያው ዙር አይነሳ! ዝምታ ኳሱን ትሰዳለች፤ አንዴ ዳኛው ላይ፣ አንዴ ተመልካቹ ውስጥ። በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ከኋላዬ አንዱ «ፌንጣን ማን ነው ያስቀራት?» ሲል አንገቴን ቀበርኩ።

ሁለተኛው ዙር መሐል ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «ቀኝ! ቀኟን አየሻት? ለሷ ስጪ!» ፌንጣ ናት። በአንድ እግሯ ቆማለች። ዝምታ ዞር አለች፣ ኳሱን ወደ ቀኝ ላከች፤ መቺዋ አወረደችው። ነጥብ! «ደግሞ! አትቸኩይ፣ አትቸኩይ፣ አሁን!» ነጥብ! ከዚያ በኋላ ዝም ያለች ደቂቃ የለችም። ተጋጣሚዎቹ መረቡ ላይ በእጃቸው የሚሠሩትን ግድግዳ ታነባለች፣ ክፍተቱን ትጠራለች፣ ዝምታ ትሰማለች። ዳኛው መጥቶ አስጠነቀቃት። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና አስጠነቀቃት፤ አሰልጣኟ ማልያዋን ይዛ አስቀመጠቻት፤ ከተቀመጠችበትም ጮኸች።

ሁለተኛውን ወሰዱ። ሦስተኛውን ተነጠቁ። አራተኛውን ወሰዱ! እኔ እያለቀስኩ ነው የማነሳው፤ ሌንሱ ያነጣጥርልኝ እንጂ እኔ ምንም አይታየኝም።

አምስተኛው ዙር። እኩል። እኩል። እኩል። አንድ ነጥብ መሩ። ኳሱ ከማዶ መጣ፣ ወደቀ ሲሉት ተነሳ፣ ወደ ዝምታ ሄደ። ፌንጣ አልጮኸችም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸችም። ዝምታ ራሷ አሰበች፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲጠብቃት ኳሱን ሳታቀብል በራሷ እጅ መረቡን አሻግራ ማንም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ጣል አደረገችው።

ጠብ።

አዳራሹ ፈነዳ! ልጆቹ ተከመሩ፤ ዝምታ ከሥር «ኧረ ልሞት ነው፣ ልቀቁኝ!» እያለች ስትጮህ ድምጿን ሁላችንም አወቅነው። የፋብሪካው አለቃ ሜዳ ገብቶ ከማን ጋር እንደሚጨፍር ጠፍቶት ከዳኛው ጋር ጨፈረ። «የምን ማፍረስ ነው!» እያለ።

መራጮቹ ሁለት ስም ወስደው ሄዱ። አንዷ ዝምታ ናት። ፌንጣ የለችበትም። እጇን ዘርግታ ዝምታን እንኳን ደስ ያለሽ ስትላት አየሁ፤ ከዚያ ፎጣ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ብዙ ቆየች። ማንም አልቀረባትም። እኔም።

እሁድ 1

የትላንቱን ልጨርስ።

የፋብሪካው አውቶቡስ ነበር ወደ ቤት የመለሰን። ልጆቹ ከኋላ እየዘፈኑ፣ ወንበር እየደበደቡ፣ ዋንጫውን እየተቀባበሉ። እኔ ከፊት በኩል ብቻዬን በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ፌንጣ ተደግፋ ተሳፈረች። ባዶ ወንበር ሞልቷል። አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች፣ እኔ አጠገብ ቆመች።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች።

«እሺ።»

«ገና ብዙ ጊዜ ነው የምናደደው።»

«እሺ።»

«‹እሺ› አትበይኝ። እሺሽን አላምነውም።»

ምን ልበላት? ቁልቁል አየችኝ። ከዚያ «ፎቶዎቹን መጀመሪያ ለኔ ለምን አላሳየሽኝም?» አለች።

«ብታይ ትተዪ ነበር?»

አሰበች። እውነቱን ለመናገር ነው ያሰበችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታስብ አፍንጫዋን ትነካለች።

«አልተውም ነበር» አለች። «አንቺስ እስከ ዛሬ እንዴት አላየሽም?»

«ፊትሽ ደስ ብሎኝ» አልኳት። እንዲህ ዓይነት መልስ ይሰጣል? ግን ሌላ አላገኘሁም።

«ደደብ» አለችኝ። እንደ ድሮው ነው ያለችው። ከዚያ «ይሄን ነገር አንሺልኝ፣ እግሬን የማሳርፍበት የለኝም» አለችና የካሜራ ቦርሳዬን በጣቷ ጠቆመች። ወንበሩ ሥር ወረወርኩት። ተቀምጣ ግራ እግሯን ጭኔ ላይ አጋደመችው። ሐኪሟ ያዘዘችላትን በረዶ ሰጠችኝ። እኔም ጉልበቷ ላይ ያዝኩላት።

«በደንብ ያዢው። እዚያ አይደለም፣ ወደ ውስጥ። እንደሱ።»

አውቶቡሱ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ትሰድበኛለች። ከኋላ አዲስ ዘፈን ጀመሩ፤ እሷም እየተሳደበች መሐል መሐሉን ትቀበላቸዋለች። በረዶው እየቀለጠ ቀሚሴን አራሰው፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ቤታችን ደርሰን ሹፌሩ ሁለቴ ጡሩምባ እስኪነፋብን ድረስ ሁለታችንም አልተነሳንም።